ጠበል ላይ የቆመ ሞተር

የአማቴ ጀልባ ታመመች በተባለ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ መፍቻ የጨበጠ ሁሉ መጥቶ አያት። አንዱ «ፒስተኑ አልቋል» አለ። ሌላው «የናፍጣ ፓምፑ ነው» አለ። ሦስተኛው ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየና፣ መርዶ ሊነግር እንደ መጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ልቡ ነው» አላቸው። ሦስቱም ሞተሩ ወርዶ ይከፈት ብለው ፈረዱ። እኔ በዚያን ጊዜ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ከሞተር ጋር ያለኝ ትውውቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከመሄድ አያልፍም። ነገር ግን ሦስት ሰዎች የተስማሙበት ነገር ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።

«ልቡ ደህና ነው» አልሁ። «የታመመው እግሩ ነው።»

አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሞተር እግር አለው እንዴ፣ መምህር?»

«የቆመ ነገር ሁሉ እግር አለው፣ አባባ።»

«አንተም ቆመሃል፤ ጥቅምህን ግን እስካሁን አላየነውም።»

ባለቤቴ ሳቀች። የአባቷ ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃታል፤ በተለይ በእኔ ላይ ሲሆን።

ጀልባዪቱ የመዝናኛ ጀልባ ነበረች። ዓሣ አታጠምድም፤ እህል አትጭንም። አንድ ጣሊያን ለእሑድ መናፈሻው ያሠራት፣ አገሩ ሲገባ ደግሞ ለአማቴ የሸጠላቸው፣ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ጣራዋ ሸራ፣ ወንበሮቿ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጀልባ ናት። በመካከሏ አነስ ያለ የናፍጣ ሞተር በእንጨት ሣጥን ተከድኖ ተቀምጧል። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሡባታል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ዓባይ ከሐይቁ እስከሚወጣበት ድረስ ሄዶ ጉማሬ ያይባታል። የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቶቻችን እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ያናፍሱባታል። በክብረ በዓል ቀን ደግሞ አማቴ ምእመናኑን ያለ ክፍያ ወደ ደሴቱ ገዳም ያመላልሱባታል። ይህች የመጨረሻዋ ደግነት ናት በኋላ ጣጣ ያመጣችው።

ደርግ መሬቱን ወርሷል፣ ትርፍ ቤቱን ወርሷል፤ ይህችን ጀልባ ግን ረስቷት ነበር። በዚያ ዘመን መረሳት ትልቅ ሀብት ነው። ሐይቁ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ማንም ልብ አላላትም። መንቀጥቀጥ ጀምራ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አውጥታ፣ በመጨረሻ በሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ስትታሰር ግን ታየች።

መጀመሪያ ያያት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ በእነዚያ ዓመታት ክፉዎቹን አይተናቸዋልና ልዩነቱን እናውቃለን። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ከስብሰባ አንድ አባባል ይዞ ከመጣ እስኪያልቅ ድረስ ይሠራበታል። የዚያ ሰሞን አባባሉ «ሥራ የፈታ ንብረት» የሚል ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀበሌውን ሰዎች አስከትሎ ወደ ዳርቻው ወረደ።

«አባባ፣» አለ፤ «ሥራ የፈታ ንብረት የሰፊው ሕዝብ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ውሃ መሳቢያ ሞተሩ ተቃጥሎ ሽንኩርቱ እየደረቀ ነው። የእርስዎ ሞተር ደግሞ ተቀምጧል።»

«አልተቀመጠም፤ ታሟል» አሉ አማቴ።

«ያው ነው። ሰኞ ጀልባዋ ከተንቀሳቀሰች ሞተሩ ይቀራል። ካልተንቀሳቀሰች ይነሣል። ቃሌ ነው!» ቃሉን የሰጠው ለእኛ ሳይሆን ከኋላው ለቆሙት ነበር፤ ድምፁንም ከፍ ያደረገው ለእነሱ ነው።

ሽንኩርቱስ በእርግጥ እየደረቀ ነበር፤ አልዋሸም። ነገር ግን አማቴን አየኋቸው። የእንፍራንዝ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ቶሎ የሚያወራ አይደለም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጧት ከአልጋ የሚያስነሣቸው ያ ሞተር ብቻ ነበር። ያለ ሞተሩ ጀልባዪቱ የዶሮ ቤት ትሆናለች፤ ያለ ጀልባዪቱ እሳቸው አጥር ሥር ተቀምጠው ሐይቁን የሚያዩ ሽማግሌ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎችን በየሰፈሩ አይተናል። ብዙ አይቆዩም።

በማግስቱ አንድ ረዥም ብረት ይዤ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ። ሣጥኑን ከፈትሁና ብረቱን ከሞተሩ ጥግ ሥር አስገብቼ ሽቅብ ጫን አደረግሁት። ያ ሁሉ ብረት እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ቀለል ብሎ ተነሣ። አጎንብሼ አየሁ። ሞተሩ የሚቆመው በአራት መቀመጫዎች ላይ ነው፤ እያንዳንዳቸው በሁለት ብረት መካከል ጎማ ተደርጎባቸው፣ ከጀልባዋ ወለል ጋር በብሎን የታሰሩ። ጎማው ንዝረቱን ይውጣል፤ ብረቱ ሞተሩን ይይዛል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ብረት መሆናቸው ቀርቶ ነበር። በጣቴ ስነካቸው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈሩ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቁጢጥ ብሏል፤ ከሞተሩ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ያለውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ዘንግም ከመስመሩ ወጥቷል። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ከዚህ ነበር።

ልቡ ደህና ነበር። እግሩ ነበር የታመመው!

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተቃውሜአለሁ፤ ስቃወም ትክክል ሆኖ መገኘት ግን ለካ ሌላ ጣዕም አለው። ወደ ዳርቻው ወጥቼ ለአማቴ፣ ለባለቤቴ፣ እዚያ ታንኳውን ለሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር አበሠርሁ። ዓሣ አጥማጁ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝና ሥራውን ቀጠለ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጣና ጨው የለበትም። እንዲህ ያለ ዝገት የባሕር ሥራ ነው እንጂ የሐይቅ ሥራ አይደለም። ተመልሼ ገባሁ። የጀልባዋ ወለል ከፊትም ከኋላም ደርቋል፤ ከሞተሩ ሥር ብቻ፣ በሁለት አግዳሚዎች መካከል፣ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። ብረቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰጥመው ኖረዋል።

«አባባ፣ ይህን ውሃ ስለምን አይቀዱትም?»

አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሱ ውሃ አይደለም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በበዓል ቀን ከገዳሙ የሚመለሱት እናቶች ጠበል በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። የጀሪካኑ ክዳን ከጠፋ ዘመን ስለሆነው በበቆሎ ቆረቆንዳ ይወትፉታል። በጧቱ ብርድ ደግሞ ከጀልባዋ ሁሉ የሚሞቀው የሞተሩ ሣጥን ነውና እናቶቹ ጀሪካናቸውን ታቅፈው እሱ ላይ ይደረደራሉ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ቆረቆንዳው ያልባል፤ ጠበሉ በሣጥኑ ስንጥቅ ወደ ሞተሩ ሥር ይወርዳል። ከሁሉ የሚተልቀው ጀሪካን፣ ከሁሉ የላላው ቆረቆንዳ ደግሞ የሊቀ መንበሩ እናት ነበር። ልጃቸው በስብሰባ ሃይማኖትን ሲያወግዝ እሳቸው ጠበል ያመላልሳሉ፤ በቤታቸው ግን ጠብ ተሰምቶ አይታወቅም።

የፈሰሰ ጠበል አይረገጥም። ቆሻሻ ውሃ እንደሚደፋበት በአሮጌ ቆርቆሮ ተቀድቶም አይወረወርም። ስለዚህ አማቴ የቀረውን የጀልባዋን ውሃ በየቀኑ እየቀዱ፣ የሞተሩን ሥር ግን በክብር ትተውት ኖረዋል። እንዲያውም ጧት ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ጣታቸውን ነክረው ያማትቡ ነበር። ግንባራቸው ላይ የማትጠፋውን ጥቁር ነጥብ ያን ጊዜ ገና ተረዳኋት፤ ዘይት ናት።

«አባባ፣ ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ስታስተምር በመስኮት ሰምቼሃለሁ» አሉ። «ልጆቹ የሚወድቁት ለዚህ ነው። ጠበሉ አይነካም።»

«ካልተነካ ሰኞ ሞተሩ ይሄዳል።»

«ይሂድ! ረግጬ ከማቆየው ሳልረግጥ ይሂድ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ያኔ ክርክሩ እንዳበቃ አወቅሁ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላም ይከራከራል። እኔ ግን ጫማዬን አጥልቄ፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ወዳልረገጥሁት ደጀ ሰላም ሄድሁና የንስሐ አባታቸውን ይዤ መጣሁ።

አባ ጃንጥላቸውን አጥፈው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። ተጎንብሰው አዩ። ጣታቸውን ነከሩና አሸተቱት።

«ይህ ስንት ጊዜ ተኛ?»

«እንጃ፣ አባ። በረከት ይቆጠራል?»

«ጠበል ይጠጣል፤ ይረጫል፤ ይጠመቁበታል። ሲያከማቹት ያየሁት እርስዎን ነው። ሞተሩን ክርስትና ሊያነሡት አስበው ነበር?»

«መርገጥ ፈርቼ ነው፣ አባ።»

«ደግ ፈርተዋል። ፍርሃትዎ ይቈጠርልዎታል፤ ውሃው ግን ይውጣ። በንጹሕ ማሰሮ ይቀዳ፤ እግር በማይደርስበት ይፍሰስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፎች ሥር እንዳታፈሱት ደግሞ፤ ናፍጣው ይፈጃቸዋል።»

እናም በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አማቴ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ማሰሮ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ከፊት፣ እኔ ሁለተኛውን ማሰሮ ይዤ ከኋላ፣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የጀልባ ወለል ውሃ አጀብን። አባ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አብረውን ይሄዳሉ። ሊቀ መንበሩ ከቀበሌው በር ላይ ቆሞ አየን።

«ጓድ መምህር፣ ምንድን ነው የተሸከማችሁት?»

«ዝገት» አልሁ።

አማቴ ዞረው በዓይናቸው ቀጡኝ። ሊቀ መንበሩ አባን አየ፣ ማሰሮውን አየ፣ ምን ብሎ እንደሚያወግዘው ግራ ገባውና መንገዱን ለቀቀልን። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ በድንጋይ የታጠረች ጉድጓድ ውስጥ አፈሰስነው።  ተመልሰን ደጃችን ስንደርስ አማቴ፣ «እሺ፤ አሁን እግሩን ሥራለት» አሉኝ።

ገበያው አጠገብ ብየዳ የሚሠራ፣ አባቱም አያቱም ብረት የሚነግዱ ሙስሊም ወዳጅ ነበረኝ። የፈረፈረውን ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድሁለት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማና ቁራጩን በመዳፉ ላይ አገላበጠው።

«እንግዲህ ጠበሉ የናንተ፣ ዝገቱ የኔ» አለ። «ደግ ክፍፍል ነው።»

አዲስ መቀመጫ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ፣ የፊተኞቹም ብዙ ስለማይቆዩ፣ ለአራቱም የሚሆን ብረት በማክሰኝት መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ቆረጥን። ጎማውን ከበረባሶ ሰፊዎች ገዛሁ፤ ገበሬ ተራራ የሚወጣበትን ጎማ ሞተር ቢቆምበት ምን ይለዋል ብዬ። ወዳጄ በቀጭን ጎማ ይሻላል አለ፤ እኔ በወፍራሙ አልሁ። ተከራከርን። ሁለቱንም ሞከርንና የወፍራሙ ልክ ሆነ። ይህን እዚህ የምጽፈው እሱ እስከ ዛሬ ስለሚክድ ነው።

የድሮዎቹን ብሎኖች መፍታት ግን ሥቃይ ሆነ። ናፍጣ አጠጣናቸው፣ በመዶሻ ለመንናቸው፣ ሰደብናቸው። አንዱ ተፈታ፤ የቀሩትን በብረት መጋዝ ቆረጥን። ቅዳሜ ማታ ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። ሞተሩን ማንሣት ብቻ ቀረ፤ ለእሱም ጠንካራ ትከሻ ያላቸው ሰዎች ያስፈልጋሉ። አማቴ የእድሩን ሰዎች ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመኗቸው። ሁሉም እሺ አሉ።

እሑድ ማንም አልመጣም። ሊቀ መንበሩ ወንድ የተባለውን ሁሉ ለገበሬ ማኅበሩ ቦይ ቁፋሮ ዘመቻ አውጥቶት ነበር። አማቴ፣ እኔና ብየዳ ሠሪው ወዳጄ ሦስታችን ሞከርነው። ሞተሩ በብረት ጫፍ ብድግ ይላል እንጂ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አይሰጥም። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ አማቴ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። ሞተሩን በመዳፋቸው እንደ በሬ ታከክ አደረጉት። ያን ለማየት እኔ አልተፈጠርሁም።

ሰኞ ጧት ሊቀ መንበሩ መጣ። ከኋላው ምን ቢያስከትል ጥሩ ነው? እሑድ የነሣንን ሰዎች በሙሉ! የእድሩን የቃሬዛ እንጨቶች ተሸክመዋል፤ ዳር ላይ በቅሎ የምትጎትተው ጋሪ ቆማለች።

«አባባ፣ ተንቀሳቀሰች?»

«አልተንቀሳቀሰችም፣ ልጄ።»

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው። አንሡት!»

አማቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝሁ። በዚያች ቅጽበት ሐሳቡ መጣልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የሚያምር ሐሳብ መጥቶልኝ አያውቅም። «አባባ፣ ይተዉአቸው። ያንሡት» አልሁ።

ሰዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። እንጨቶቹን በጀልባዋ ላይ አጋድመው፣ ሞተሩን በገመድ አስረው፣ ከግራና ከቀኝ በትከሻቸው ተሸከሙ። «ሆ!» ሲሉ ሞተሩ ተነሣ። ተንጠልጥሎ በትንሹ ይወዛወዛል። ሥሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣» አልሁ፤ «አንድ ጊዜ። ይህ ሞተር እግር የለውም። ጋሪው ላይ በሆዱ ከተቀመጠ የዘይቱ መያዣ ይሰነጠቃል። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ገና ሕዝቡ ዘንድ ሳይደርስ ቢሰበር ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የማያስፈራውን ሰው ይህች ጥያቄ ታስፈራዋለች። ሊቀ መንበሩ ወዲያና ወዲህ አየ።

«እግር ከየት ይመጣል?»

ወዳጄ ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው አራቱንም አዲስ መቀመጫዎች ከወንበሩ ሥር አወጣ። «ተሠርቶ ያለቀ ነው» አለ። «የሚገጠመው ግን በቦታው ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ አውርዱት።»

«ፍጠኑ እንጂ! ትከሻችን ተቆረጠ!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ታገሥ፤ ለሕዝብ ነው» አለው ሌላው።

አወረዱት። ወዳጄና እኔ ሆዳችን ላይ ተኝተን ብሎኖቹን አሰርን። ከዘንጉ ጋር የሚጋጠሙት ሁለቱ ክብ ብረቶች በመካከላቸው ምላጭ እስከማያስገቡ ድረስ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ስስ ቁራጮች ከእግሮቹ ሥር እየወተፍን አስተካከልን። ምላጩ ከላይም ከታችም አልገባ ሲል ቀና አልሁ።

«አሁን እንውሰደው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ሳይሞከር? ሦስት መካኒክ ልቡ ነው ብሏል። ሞቶ ቢሆንና ገበሬዎቹ የሞተ ሞተር አመጣችሁብን ቢሉ…»

«ሞክሩት፣ ሞክሩት!» አለ እጁን እያወናጨፈ።

ሊቀ መንበሩና ግማሹ ተሸካሚ ሊያዩ ጀልባዋ ላይ ወጡ። አማቴ ሞተሩ ዘንድ ተንበረከኩ። ጣታቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ ደረቅ እንጨት ነካ። በዚያው በደረቅ ጣታቸው አማተቡና ማስነሻውን አዞሩት። ሞተሩ አንዴ ሳለ። ደገመ። ከዚያ ያዘ፤ ያ መንቀጥቀጥ፣ ያ ጥርስ ማፋጨት የለም፤ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋል። አማቴ ማንንም አልጠየቁም። ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ ፈቱና ማርሹን አስገቡ። ጀልባዋ ሊቀ መንበሩንና ግማሹን የእድር ሰው እንደያዘች ከደንገሉ መካከል ሹልክ ብላ ወጣች። ውሃው ውስጥ የቀሩት ሰዎች እንጨታቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

 አንዱ ተሸካሚ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዛሬ ሰኞ አይደል?» አለ።

«ሰኞ ነው» አለ ሌላው።

«ተንቀሳቀሰች ወይስ ሐይቁ ነው የሚሄደው?»

ሣቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ እንደ ድሮው፣ የክፍል ጥያቄ እንዳቃተው ቀን፣ ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር…» አለኝ። ጓድ መሆኔን ረስቶት ነበር።  አማቴ ግን ሰው ማዋረድ አይወዱም። ብርጭቆ አወጡ፤ ከሐይቁ ቀድተው እስከ አፉ ሞልተው የሞተሩ ሣጥን ላይ አስቀመጡት። ሁላችንም አየነው። ዳር እስከ ዳር ዞረን እስክንመለስ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

«ልጄ፣» አሉት ሲወርድ፤ «ሽንኩርቱ እንዳይደርቅ በርሜል አምጣ። ሌላ ሞተር እስክታገኙ ድረስ ውሃ በጀልባ እናመላልሳለን። ሥራ አልፈታንም።» ለብዙ ሳምንት አመላለሱም። ሽንኩርቱ ደረሰ፤ አንድ ኩንታል ለእኛ ቤት መጣ፤ ባለቤቴ እስኪሰለቻት ድረስ ቁሌት ሠራችበት።

በኅዳሩ በዓል ከገዳሙ ስንመለስ እኔም ተሳፍሬ ነበር፤ ለጸሎት ሳይሆን ሞተሬን ለማዳመጥ። የሊቀ መንበሩ እናት ያንን ጀሪካን ታቅፈው፣ ቆረቆንዳው ገና ከአሁኑ እያላበ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ሞቃቱ ሣጥን አመሩ። አማቴ መሪውን ለቀው ተነሡ።

«እሜቴ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፤ ይሙቅዎት። ጠበሉ ግን ወደ ፊት ይሂድ።»

«ስለምን?» አሉ እናቲቱ ቅር ብሏቸው። «ባርኮት ይውረድ እንጂ።»

አማቴ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ማንም የማይረግጥበት፣ አዲስ በተመታ መደብ ላይ አኖሩት። ተመልሰው ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«አማቼ ነው እንዲህ ያለው» አሏቸው እናቲቱን። «እግር የተማረ ነው።»